«ሜርሲ» እያሉ መራብ

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ። ያደግኩት አዲስ አበባና ሜሪላንድ ነው፤ ዕድሜዬ 23። ታፒፍ በሚባለው ፕሮግራም ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ብሪታኝ በሚባለው ክልል፣ ሬን አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ የእንግሊዝኛ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ሥራዬ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳምንት 12 ሰዓት ነው። የምኖረው ከባልና ሚስትና ከሁለት ልጆቻቸው (7 እና 10 ዓመት) ጋር ነው። ለክፍሌ 280 ዩሮ እከፍላለሁ። እንደኔው ረዳት የሆነች ጓደኛዬ እዚሁ ከተማ ለተመሳሳይ ክፍል 400 ትከፍላለች፤ የእኔ የቀነሰው «ልጆቹን ትንሽ እንግሊዝኛ ስለምታለማምጃቸው ነው» ተባልኩ። «ትንሽ» የተባለው አሁን ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ዓርብ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ወስዶ እናትየዋ እስክትመጣ ሁለት ሁለት ሰዓት መጠበቅ፣ ረቡዕ ትምህርት ስለሌለ ደግሞ ጠዋት ሦስት ሰዓት አብሮ መዋል ሆኗል። የተጻፈ ውል የለንም።

እራት ላይ «ልጨምርልሽ?» ሲሉኝ እንደ ወጉ «ሜርሲ» እላለሁ፤ ሳህኑ ይነሳል፤ ሳልጠግብ እተኛለሁ። ሥጋ አልበላም ባልኩበት ቀን የአሳማ ሥጋ የገባበት ሾርባ ቀረበልኝ። ጾመ ነቢያት እየደረሰ ነው፤ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እናቴ ቅቤና ቋንጣ ልላክልሽ ትላለች። ባለፈው እሑድ ቡና ልቁላ ብዬ የጭሱ ደወል ቤቱን አናጋው። ፀጉሬን ስታጠብ ደግሞ በር ተንኳኳብኝ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ እንዳይከፋቸው ብዬ ሁሉንም ዝም አልኩ። ምን ላድርግ?

ይሉኝታ የያዛት፣ ከብሪታኝ

መልስ

እህታችን፣ ከሁሉ በፊት ሆድሽን እንሙላ፤ የቀረውን በጠገበ አንጀት እናወራዋለን።

ፈረንሳዮች ምግብ ሲቀርብላቸው «ሜርሲ» ብቻ ካሉ «ይቅርብኝ» ማለታቸው ነው። እጅ ትንሽ ከፍ ካለ ወይም ራስ ከተነቀነቀማ ነገሩ አለቀ። አንቺ ምስጋና ያቀረብሽ ሲመስልሽ ሴትዮዋ የሰማችው «ጠግቤአለሁ» የሚል ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ «በቃኝ» ሲል አስተናጋጅ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ብሎ ሌላ ጉርሻ ያስከትላል፤ የመጀመሪያው እምቢታ የወጉ መክፈቻ ነው፤ ማንም እንደ መልስ አይቆጥረውም። እዚያ ቤት ግን እምቢ ያለን ሰው ደጋግሞ መወትወት ነውር ነው። ሴትዮዋ ሳህኑን ያነሳችው ቃልሽን አክብራ ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ «ልጨምርልሽ?» ስትልሽ «ዊ፣ ቮሎንቲዬ» በያት፤ «አዎ፣ ደስ ይለኛል» ነው። ትንሽ ከፈለግሽ «ዊ፣ አን ፕቲ ፐ»። ማንም ካልጠየቀሽም አፍሽን ይዘሽ አትቀመጪ፤ «ዠ ፐ መ ረሴርቪር?» ብለሽ ራስሽ ድገሚ። ይህ ስግብግብነት አይባልም፤ ያበሰለ ሰው ምግቡ እንደተወደደለት ምልክቱ ይኸው ነው። በእውነት ሲበቃሽ ደግሞ «ኖን ሜርሲ፣ ሴቴ ትሬ ቦን» ማለት ይበቃል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች እንጨምር። ዋናው ምግብ ይደገማል፤ አይብ ግን እንደ ልማዱ የሚቆረሰው አንድ ጊዜ ስለሆነ ሳህኑ ሲዞር በቂሽን ውሰጂ። ዳቦ ገደብ የለውም፤ ማስቀመጫውም ከሳህኑ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ብዙ ቤት ደግሞ ከባዱ ምግብ ምሳ ነው፤ ማታ ሾርባ፣ ዳቦና አይብ ቀርቦ «እራት በላን» ይባላል። አንቺ ቀን ሳንድዊች ገምጠሽ ማታን ከጠበቅሽ ጥፋቱ ከሰዓቱም ጭምር ነው። በምትሠሪበት ትምህርት ቤት ካፊቴሪያ በየምግቡ እየከፈልሽ መመገብ ይቻል እንደሆነ ዳይሬክተሩን ጠይቂ።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ ወደ ሰዓቱ። (ሰዓት ስንጽፍ በእነሱ አቆጣጠር ነው።)

ወረቀት አውጪና እንዲህ አስይ። በአራቱ ቀናት ሁለት ሁለት ሰዓት ስምንት ነው፤ ረቡዕ ሦስት ሲጨመር በሳምንት 11 ሰዓት። ትምህርት ቤቱ ደመወዝ የሚከፍልሽ ለ12 ሰዓት ነው። ሁለተኛ ሙሉ ሥራ ተሸክመሻል ማለት ነው። በወር ሲባዛ 47 ሰዓት ገደማ ይሆናል። የቀነሱልሽ ኪራይ 120 ዩሮ ስለሆነ በሰዓት ከ3 ዩሮ በታች ይመጣል። በፈረንሳይ ሕግ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ደግሞ፣ መዋጮው ሳይነሳለት፣ 12 ዩሮ ገደማ ነው። በዚህ ልክ 120 ዩሮ የሚገዛው በወር 10 ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል። ይህን ቁጥር ለእነሱ በክርክር መልክ አታንብቢላቸው፤ ለራስሽ ግን ያዢው። ይሉኝታ ሲይዝሽ የሚያቆምሽ እሱ ነው።

ምናልባት ቤተሰቡ አንቺን ከኦ ፔር ጋር ቀላቅሎሽ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ኦ ፔር ማለት ልጅ እየጠበቀች በነፃ የምታድር፣ የምትመገብና በየወሩ የኪስ ገንዘብ የምታገኝ ወጣት ናት፤ የራሷ ውልና ቪዛ አላት፤ ሥራዋም በሳምንት ከ25 ሰዓት አይበልጥም። አንቺ ኪራይ ትከፍያለሽ፤ ቪዛሽም የቋንቋ ረዳት ሆነሽ እንድትሠሪ የተሰጠ ነው። ስለዚህ «ትንሽ እንግሊዝኛ» እና «ልጅ ጥበቃ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጆቹን ከትምህርት ቤት መውሰድማ ጭራሽ ሌላ ነው። መንገድ ላይ የ7 ዓመቱ ልጅ ቢወድቅ ወይም አንቺ ብትጎጂ፣ ያልተመዘገበ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ኢንሹራንስ ፊት ብዙ ጣጣ ይጠብቀዋል። ወላጆቹ የልጅ ጠባቂ ከፈለጉ ሴዙ በሚባለው የመንግሥት አሠራር አስመዝግበው መክፈል ይችላሉ፤ ለእነሱም የግብር ቅናሽ አለው። ያንቺ ቪዛ ተጨማሪ ሥራ ይፈቅድ እንደሆነ ግን እሺ ከማለትሽ በፊት በአካዳሚው (በክልሉ የትምህርት ቢሮ) ረዳቶችን የሚከታተለውን ክፍል ጠይቂ።

መቼ ትነግሪያቸዋለሽ? እራት ላይ አይሆንም፤ ልጆቹ ይሰማሉ፤ ነገሩም ወደ ቀልድ ይዞራል። እናትየዋ ከሥራ በገባችበት ደቂቃም አይሁን። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቡና ሲጠጣ ይመረጣል። ከአንድ ቀን በፊት «ነገ ለአሥር ደቂቃ ላነጋግራችሁ እፈልጋለሁ» በያቸው። ባልየውም ይገኝ፤ ለአንዱ ብቻ የተነገረ ነገር ለሌላው ሲደርስ መልኩ ይለወጣል።

ንግግርሽ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይሁን። አንደኛ፦ ልጆቹን እንደምትወጂ፣ እንግሊዝኛውም እንዲቀጥል እንደምትፈልጊ። ሁለተኛ፦ «ዠ ፐ ፌር ደ ዜር ፓር ሰሜን፣ ፓ ፕሉስ»፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት እችላለሁ፣ ከዚያ በላይ አልችልም። ሦስተኛ፦ የትኞቹ ሁለት ሰዓታት እንደሆኑ፤ ለምሳሌ ረቡዕ ከ10፡00 እስከ 11፡00 እና ሐሙስ ከ17፡00 እስከ 18፡00። ልጆቹን መውሰድ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እንደሚቆም ንገሪያቸው፤ ሌላ ሰው እስኪያገኙ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት መስጠት ተገቢ ነው። ይህን ከተናገርሽ በኋላ ዝም በዪ። ብዙ ወጣቶች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። ዝምታው ይከብዳቸውና «ግን ካስቸገራችሁ እኔ ምንም አይደል» ብለው የተናገሩትን ራሳቸው ያፈርሱታል። «ዴዞሌ» እያልሽ ይቅርታም አታብዢ፤ አምስት ጊዜ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ጥፋተኛ ይመስላል።

መልሱ ምን ይሆናል? ብዙውን ጊዜ «አ ቦን? ሜ ኢል ፋሌ ል ዲር!» ነው፤ «ኧረ! ታዲያ መናገር ነበረብሽ!» ይህን ስትሰሚ አትደንግጪ፤ ከልባቸው ነው። እስከ ዛሬ ሲጠይቁሽ «ሳ ቫ»፣ «ደህና ነኝ» ብለሽ ፈገግ ብለሻል፤ እነሱም ደስ ብሏት ነው ብለው ተኝተዋል። እዚያ አገር ፊት አንብቦ ችግርሽን የሚያውቅልሽ አክስት የለችም። ድምፃቸው ትንሽ ከፍ ቢል፣ ቢከራከሩሽም፣ ኩርፊያ ነው ብለሽ አትውሰጂው። ተከራክረው ሲያበቁ አይብ የሚያቀብሉሽ ሰዎች ናቸው።

«እንዲያ ከሆነ ኪራዩ 400 ይሁን» ካሉሽስ? ይህም መልስ ነውና አስቢበት። በእጅሽ የሚገባው 800 ዩሮ ገደማ ስለሆነ ግማሹ ይሄዳል። ነገር ግን ውል ካለሽ ካፍ ከሚባለው መሥሪያ ቤት የቤት ኪራይ ድጎማ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ያለ ውል አይታሰብም። ስለዚህ በዚያው ቀን ውል ጠይቂ። ላንቺ ሁኔታ የሚስማማ «ባይ ሞቢሊቴ» የሚባል፣ ዕቃ ለተሟላለት ክፍል የሚሆን ውል አለ፦ ከ1 እስከ 10 ወር የሚቆይ፣ አከራይ መያዣ ገንዘብ እንዳይጠይቅ የሚከለክል። የፕሮግራምሽ ጊዜ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ስለሆነ ልክሽ ነው። መልቀቅ ስትፈልጊ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይበቃል፤ በአደራ ደብዳቤ ላኪው ወይም በእጅ ሰጥተሽ አስፈርሚ። ክፍሉም ቢያንስ 9 ካሬ ሜትር መሆን አለበት፤ ሜትር አውጥተሽ ለኪው። ቪዛሽን በኢንተርኔት ማረጋገጥ ያለብሽ ፈረንሳይ በገባሽ በ3 ወር ውስጥ ነው። ገና ካላደረግሽው ከዚህ ሁሉ በፊት እሱን ጨርሺ።

ስለ ሁለቱ ሰዓታት ትንሽ እንበል፤ ካሳጠርሽው ጥሩ መሆን አለበት። የ7 ዓመት ልጅ ሙሉ ሰዓት አይቀመጥልሽም። ሐሙስ ማታ የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ጉቴው ላይ አሳልፊ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመጡ የሚበሏት ዳቦና ቸኮሌት ናት። በእንግሊዝኛ ያልተጠየቀ ነገር ከጠረጴዛው አይነሳም የሚል ሕግ ብታወጪ ይስቃሉ፣ ይለምዳሉም። ቀጥሎ የካርታ ጨዋታ፤ መጨረሻ ላይ ትልቁ ለትንሹ ቀጭን መጽሐፍ ያንብብለት። የትምህርት ቤት የቤት ሥራ ውስጥ አትግቢ፤ አንዴ ከጀመርሽው ሰዓቱን ይበላዋል።

አሁን ጾሙ። ኅዳር 15 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ነው፤ የምትነግሪያቸው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለሽ ነው። «ሥጋ አልበላም» ማለት ለምን እንዳልሠራ እናስረዳሽ። በብዙ ፈረንሳዮች ጆሮ «ቪያንድ» ሲባል የሚታሰበው ጥብስና ስቴክ ነው፤ ሾርባ ውስጥ ለጣዕም የተበተነች የአሳማ ቁራጭ፣ ላርዶን የሚሏት፣ እንደ ቅመም ነው የምትታየው። ስለዚህ በስም ጥሪው፦ «ሳን ፖር፣ ሳን ዣምቦን፣ ሳን ላርዶን»፤ ያለ አሳማ ሥጋ፣ ያለ ካም፣ ያለ ላርዶን ማለት ነው። ይህ ከጾም ውጭም ያገለግልሻል። የሬን ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ሊስ ገበያ ይዘውሽ ከሄዱ ጋሌት ሶሲስ የሚሉትን ጥቅል ቂጣ ይገዙልሻል፤ ውስጡ የአሳማ ቋሊማ ነው። የጋሌቱ መጋገሪያ ራሱ በአሳማ ስብ ሊታሽ ስለሚችል ጠይቂ።

ለጾሙ ደግሞ ረጅም የሃይማኖት ትምህርት አያስፈልግም። «እስከ ጃንዋሪ 6 እንደ ቬጋን ነው የምበላው፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና አይብ አልነካም» በያቸው። ቬጋን የሚለውን ቃል ስለሚያውቁት ወዲያው ይገባቸዋል። ቅቤን ለብቻው መጥራት አትርሺ፤ በብሪታኝ ጨው ያለው ቅቤ አትክልቱም ላይ፣ ሊጡም ውስጥ ይገባል፤ የሚያበስለው ሰው እንደ ተጨማሪ ነገር እንኳ አይቆጥረውም። ቀጥለሽ ሸክሙን ከሴትዮዋ ላይ አንሺ፦ «በሳምንት ሦስት ቀን ለራሴ አበስላለሁ፤ በሌላው ቀን ከምትሠሪው አትክልትና ሩዝ ቅቤ ሳይነካው ላንቺ ካልከበደሽ ታስቀሪልኛለሽ»። ከስድስት ሳምንት በላይ ሁለት ዓይነት እራት እንድትሠራ የተጠየቀች መስሏት ትፈራለችና ይህን ቀድመሽ መናገሩ ብዙ ያቀላል።

ዋናው ፈተና የዲሴምበር 24 ማታ ነው። የእነሱ ገና እራት ነው፤ ኦይስተር (ቅርፊት ያለው የባሕር ምግብ)፣ ፏ ግራ (የዳክዬ ወይም የዝይ ጉበት)፣ የተጠበሰ የቱርክ ዶሮ፣ መጨረሻ ላይ በቅቤና በእንቁላል የተሠራ የግንድ ቅርጽ ኬክ። አያቶች ይመጣሉ፤ ጠረጴዛው ላይ «አልበላም» ማለት ከጀመርሽ ሌሊቱን ሙሉ ስለጾም ስታስረዪ ታድሪያለሽ። ይልቅ አዚፋ ሠርተሽ ቅረቢ። ፈረንሳዮች የምስር ሰላጣን በሰናፍጭ መብላት ድሮም ያውቁታል፤ አዚፋ እንግዳ አይሆንባቸውም። 250 ግራም አረንጓዴ ምስር ያለ ጨው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ቀቅዪ፤ ጥርስ ላይ ትንሽ ጠንከር ሲል አውርጂ፤ ከመጠን ካለፈ ገንፎ ይሆንብሻል። አጥልለሽ አቀዝቅዢው፤ ግማሹን ብቻ በሹካ ዳምጪ። አንድ ቀይ ሽንኩርት በጣም አድቅቀሽ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የዲዦን ሰናፍጭ፣ ጨው። ቃሪያውን ለብቻው በትንሽ ሳህን አቅርቢ፤ አያትየው ሳያውቅ እንዳይጎርሰው። ከአንድ ቀን በፊት ቢሠራ ይሻላል፤ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይዋሐዳል።

ለሳምንቱ ምግብ የሚያስፈልግሽን እዚያው ታገኚዋለሽ። ቀዩ ክክ ምስር «ላንቲ ኮራይ» ይባላል፤ የአተር ክክ «ፗ ካሴ»። ሽሮ ካለቀብሽ የሽምብራ ዱቄት «ፋሪን ደ ፗ ሺሽ» ገዝተሽ በደረቅ መጥበሻ ሽታው እስኪለወጥ 6 ወይም 7 ደቂቃ አምሺው፤ በርበሬ፣ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት ጨምሪበት። እንደ እናትሽ ሽሮ አይሆንም፤ ግን ያጠግባል። ለእንጀራ ናፍቆት ደግሞ የብሪታኝ ጋሌት ዱቄት አለልሽ፤ ስንዴ የሌለበት፣ ሳራዛን የሚሉት ጥቁር እህል ነው። 500 ግራም ዱቄት፣ አንድ ሊትር ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው፤ ሌሊቱን አሳድሪውና በዘይት በታሸ ምጣድ ላይ በስሱ ጋግሪ። ዓይን አያወጣም፤ አይኮመጥጥም፤ ወጡን ግን ይሸከማል።

እናትሽ ቅቤውንና ቋንጣውን አትላክ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ውጤት ለግል ፍጆታም ቢሆን በሻንጣም ሆነ በፖስታ አይፈቀድም፤ ጉምሩክ ይወርሰዋል። በርበሬ፣ ሽሮና የደረቀ ቅመም ትላክልሽ። ጥቅሉ ላይ ስጦታ መሆኑንና ይዘቱን በግልጽ ትጻፍ፤ ዋጋው ከ45 ዩሮ ካልበለጠ ቀረጥ አይጠየቅበትም።

ወጥ ስትሠሪ ችግሩ ሽታው ነው፤ ምግቡን ጠልተውት አይደለም። ሽንኩርት ግማሽ ሰዓት ሲቁላላ መግቢያው ላይ የተሰቀለው ካፖርት ሁሉ ይጠጣዋል፤ ልጁ በማግስቱ ትምህርት ቤት በርበሬ በርበሬ እየሸተተ ይሄዳል። የወጥ ቤቱን በር ዝጊ፤ የጭስ መምጠጫውን ሽንኩርቱ ከመጣዱ አምስት ደቂቃ በፊት ክፈቺው፤ ድስቱን ክደኚ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዴ በትልቅ ድስት ሠርተሽ በ250 ግራም ዕቃ ከፋፍለሽ አቀዝቅዢ፤ የፍሪዘሩን አንድ መሳቢያ ለምኚ፤ ዕቃው ላይ ስምና ቀን ለጥፊ። በየማታው ከምታጨሺው በሳምንት አንድ ቀን ይሻላቸዋል።

ቡናው ላይ ግን ደወሉ ትክክል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በየመኖሪያ ቤቱ የጭስ ማስጠንቀቂያ መኖር ግዴታ ነው። ባትሪውን አውጥተሽ ለመቁላት አታስቢ። በረንዳ ወይም ጓሮ ላይ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ቁዪው፤ 60 ግራም ጥሬ ቡና ለአምስት ሰው በቂ ነው፤ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሱቅ ጠይቀሽ «ካፌ ቬር» ግዢ። ዕጣኑም ከሰል ስለሚፈልግ ውጭ ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ በክረምት መስኮት ተዘግቶ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ጀበናሽን እነሱ ምድጃ ላይ ከመጣድሽ በፊት የምድጃውን ዓይነት እዪ። ኢንደክሽን ከሆነ ሸክላ ፈጽሞ አይሞቅም፤ ማግኔት ቂጡ ላይ የሚጣበቅበት ድስት ብቻ ነው የሚሠራው። እንግዲያው ቡናውን በብረት ድስት አፍልተሽ፣ ጀበናውን በሙቅ ውኃ አለቅልቀሽ ገልብጪበት፤ ለመቅጃ ይሆናል። እሑድ በጉቴ ሰዓት አንዴ ብታፈዪላቸው ስለ ደወሉ የነበረው ቅሬታም አብሮ ይተናል።

ስለ ፀጉሩ፦ ብዙ የፈረንሳይ ቤት ውኃ የሚያሞቀው ሌሊት፣ መብራት በሚረክስበት ሰዓት፣ በአንድ በርሜል ነው። 200 ሊትር በርሜል ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል 390 ሊትር ያህል የሻወር ውኃ ይወጣዋል፤ አንድ ሻወር በደቂቃ 12 ሊትር ቢያፈስ ግማሽ ሰዓት ከቆየሽ 360ው በአንቺ ራስ ላይ አለቀ፤ ለአራቱ ቀዝቃዛ ተረፈ። ኮንዲሽነር ቀብተሽ ስታበጥሪ ውኃውን ዝጊ። የፀጉር መታጠቢያ ቀንሽንም ንገሪያቸው፤ ሌላው ቤተሰብ ታጥቦ ካበቃ በኋላ ከሆነ በር አይንኳኳም።

የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሲውል የእነሱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ብዙ ጊዜ አልቆ ይገኛል። ለቅዳሴ ፓሪስ መሄድ ከፈለግሽ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ መምህራኑን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ሰዓቱን በሌላ ቀን እንደምትተኪ «ራትራፔ» የሚለውን ቃል ተጠቀሚ፤ ያለ እሱ መቅረት መስሎ ይታያል። ከሬን ፓሪስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከ12 እስከ 27 ዓመት ላሉ የሚሸጠው የ49 ዩሮ የወጣቶች ካርድ 30 በመቶ ይቀንስልሻል፤ ደርሶ መልስ ሁለት ሦስቴ ከሄድሽ ዋጋውን መልሷል። ትኬቱ ቀኑ ሲቀርብ ስለሚወደድ ቀኑ እንደተፈቀደልሽ ግዢው። ለሴትዮዋም ያን ማታ እራት እንደማትመጪ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ ካልነገርሻት ሳህንሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትጠብቅሻለች።